ያልገባንን ነገር ነቅሎ መጣል ይብቃን

ባለፈው ወር አንድ ማታ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ሀገር ቤት ሳለሁ አውቶ መካኒክ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እዚሁ ኮሎራዶ ባለ ናፍጣ ፒክ አፕ ገዝቶ፣ ከኋላ ተሳቢ ቀጥሎ የሰው መኪና እያመላለሰ ነው የሚኖረው።

«ቲቸር፣ መኪናዋ ከአምስት ማይል በላይ አልሄድም አለችኝ።»

የት ነህ ስለው አይ 70 ዳር ላይ፣ ሁለት መኪና ጭኖ፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብርቶ ቆሟል። በረዶ ይጥላል። ትልልቆቹ ትራኮች በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸው በስልኩ ይሰማኛል።

«ዴፍ አልቆብህ ነው?»

«ኧረ ሞልቼዋለሁ።»

«በምን?»

ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄው መልሱ ሲጠፋበት መሬት መሬት እያየ የሚዘማት ናት።

«ግማሹ ውሃ ነው ቲቸር። ሰዎች ለውጥ የለውም ብለውኝ ነው።»

ነገሩን ላሳጥረው። ቶው ትራክ ተጠራ። የዴፍ ሳልባቲዮው ወረደ፣ ታጠበ፣ መርጫው ተቀየረ። ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ወጣበት፣ የአራት ቀን ሥራም ቀረበት። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ረጅም ፖስት አልፅፍም ነበር። ግን መኪናዋ ጋራዥ ቆማ ሳለ ያው «ውሃ ጨምርበት» ያለው ሰው እንደገና ደወለለት። ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ለምን ዲሊት አታስደርገውም? የማውቀው ልጅ አለ፣ በሦስት ሺህ ዶላር ሁሉንም ነቅሎ ይጥልልሃል።»

እንዴ! በአንድ ምክር ሁለት ሺህ አስወጥቶት፣ በሁለተኛው ምክር ሦስት ሺህ ሊያስጨምረው! የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ይህ ምክር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቡና ቤት ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ በየቴሌግራሙ ግሩፕ፣ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይነገራል። የሚናገሩት ደግሞ በሙሉ ልብ ነው። ስለዚህ እኔም በሙሉ ልብ ልመልስ።

መጀመሪያ ለማታውቁት። ዴፍ ማለት በአሜሪካ ከ2010ሩ የጭስ ደንብ ወዲህ ትልልቆቹ የናፍጣ መኪኖች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ነው። አውሮፓ ያላችሁት አድብሉ ነው የምትሉት። ከከባድ ፒክ አፖቹ ፎርድና ጂኤም ከ2011 ሞዴል፣ ራም ደግሞ ከ2013 ሞዴል ጀምሮ አስገብተውታል። ሰማያዊ ክዳን አለው፣ የራሱ ሳልባቲዮ አለው። ውስጡ ያለው 32.5 በመቶ ንፁህ ዩሪያና 67.5 በመቶ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። በቃ ይኸው ነው።

የሚሠራው ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። ናፍጣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሲቃጠል አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል መርዝ ይሆናል። ዴፉ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲረጭ ከሙቀቱ የተነሳ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ካታሊስቱ ላይ ከመርዙ ጋር ይገናኛል። በመጨረሻ በማርሚታው የሚወጣው ምን መሰላችሁ? ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት። የምንተነፍሰው አየር እኮ ሦስት አራተኛው ናይትሮጅን ነው። ከዚህ የተሻለ ሥራ የሚሠራ ርካሽ ፈሳሽ መኪና ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ምክሮቹ እንሂድ።

«ሽንት እኮ ነው፣ በውሃ ቢቀጥን ምን ይሆናል?»

ዩሪያ ሽንት ውስጥ አለ፣ እውነት ነው። ግን ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 ዩሪያን ያለ ኩላሊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ በፋብሪካ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚመረተው። ማንም ከማንም ሽንት አይቀዳም። 32.5 የምትለዋ ቁጥር ደግሞ ዝም ብላ የተፃፈች አይደለችም። ዩሪያና ውሃ በዚህ ልክ ሲቀላቀሉ በረዶ የሚሆኑት ከሁሉም ድብልቅ ዘግይተው ነው፣ 12 ዲግሪ ፋራናይት ላይ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 11 ሴልሺየስ። ውሃ ብትጨምሩበትም፣ ዩሪያ ብትጨምሩበትም ቀድሞ ይጋገራል። በትክክለኛው ልክ ያለው ደግሞ ቢጋገርም አይበላሽም። ሳልባቲዮው ውስጥ ያለው ማሞቂያ ያሟሟዋል፣ ሲሟሟም ልኩ ያው 32.5 ነው። እስኪሟሟም መኪናው ተነስቶ ይሄዳል።

የቧንቧ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። ካልሲየም አለበት። ማንቆርቆሪያችሁ ሥር የሚቀረውን ነጭ ድንጋይ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው መርጫውን የሚደፍነውና ካታሊስቱ ላይ የሚለጠፈው። ሳልባቲዮው ውስጥ የፈሳሹን ጥራት የሚለካ ሴንሰር አለ። እሱ ቢታለል እንኳ ጭስ ማውጫው ላይ መርዙ መቀነስ አለመቀነሱን የሚለኩ ሌሎች ሴንሰሮች አሉ። አንዱን አታለልኩ ብትሉ ሌላው ይይዛችኋል። የኔ ተማሪ የተያዘው እንዲያ ነው።

«ዩሪያ ከሆነማ ማዳበሪያ ገዝቶ መበጥበጥ ነዋ!»

ይህችን የሰማኋት ከአንድ የተማረ ሰው ነው፣ ወይ ጉድ። ወገኖቼ፣ አባቶቻችን ስንዴና ጤፍ ላይ የሚበትኑት ዩሪያ ለአፈር ነው የተሠራው። ፍሬው እንዳይጋገር የሚቀባው ነገር አለ፣ ቢዩሬት የሚባል ባዕድ ነገር ለመኪና ከተፈቀደው በላይ ይኖረዋል። አፈር ይችለዋል። በፀጉር ቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ መሣሪያ ግን አይችለውም። ሀገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎቼም አዲስ ትራክ ገብቶላችሁ ዴፍ ሲጠፋ ይህ ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። ማዳበሪያው ለገበሬው ይቅር።

«ዲሊት አድርገውና ተገላገል!»

ዋናው ጠብ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በመጀመሪያ የተቃዋሚዎቼን እውነት ልናገር፣ ካልተናገርኩ ሐቀኛ አልሆንም። የዴፍ ሲስተም እንከን የለሽ ነው አልልም። ሴንሰር ይበላሻል፣ ማሞቂያ ይቃጠላል። ሳልባቲዮው በንፁህ ዴፍ ጢም ብሎ እያለ ኮምፒውተሩ «የለም» ብሎ ይጮሃል። ተሳቢ ጭኖ ተራራ የሚወጣን ሰው በአምስት ማይል እንዲጎተት ማድረግ ራሱ አደጋ ነው። ይህን ቅሬታ መንግሥትም ሰምቶታል። በኦገስት 2025 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ ኢፒኤ፣ አምራቾች ሶፍትዌራቸውን እንዲያሻሽሉና መኪናው በድንገት ጉልበት እንዳያጣ የሚል መመሪያ አውጥቷል።

ትልልቆቹም ቅዱሳን አይደሉም። ቮልስዋገን በ2015 በጭስ ምርመራ ጊዜ ብቻ ጨዋ የሚሆን ሶፍትዌር ሲጭን ተያዘ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ነበር። የራም ፒክ አፖችን ሞተር የሚሠራው ኩሚንስም በተመሳሳይ ክስ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። በ2023 መጨረሻ ይፋ ሲሆን በንፁህ አየር ሕጉ ታሪክ ትልቁ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ተብሏል። ስለዚህ «ኩባንያዎቹ ያታልሉናል» ለሚለኝ ሰው «አዎ፣ አታለዋል» ነው መልሴ።

ግን እስቲ እናስብ። ኩባንያው የተቀጣው ለምንድን ነው? መርዙን በተደበቀ መንገድ በመልቀቁ። ዲሊት ማለት ምንድን ነው? ያንኑ መርዝ በግላጭ መልቀቅ። ሌባ ሰረቀኝ ብሎ የጎረቤቱን ቤት የሚሰርቅ ሰው ምን ይባላል?

ሒሳቡን እናስላ፣ ሒሳብ አይዋሽም። የኔ ተማሪ በዓመት 30,000 ማይል ይነዳል እንበል። ጭኖ በጋሎን 12 ማይል ቢሄድ 2,500 ጋሎን ናፍጣ ነው። ዴፍ የሚበላው በአብዛኛው ከናፍጣው ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፣ 3 እንያዝ። 75 ጋሎን። ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን በዓመት 300 ዶላር፣ በወር 25 ዶላር። ዲሊቱ የተጠየቀበት ሦስት ሺህ ዶላር የአሥር ዓመት ዴፍ ይገዛል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው።

«ቲቸር፣ የሚያከስረን ጥገናው እንጂ ዴፉ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ክርክር ነው። እኔም እመልሳለሁ። ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ የመጡት ከአሮጌ ዴፍ፣ ከቆሸሸ ፈነል፣ ከውሃ ነው። በራሱ ለተበላሸው ደግሞ የጭስ ክፍሎች ዋስትና የሚባል ነገር አለ፣ ከመኪናው ጋር በተሰጣችሁ መፅሐፍ ላይ ለብቻው ተፅፏል። ስንቶቻችን ገልጠን አንብበነዋል? ዲሊት ያስደረገ ሰው ግን ያን ዋስትና በገዛ እጁ ቀዷል። እዚህ ዴንቨር አካባቢ የጭስ ምርመራ ሲደርስ ይወድቃል። ሊሸጥ ሲል ሕግ የሚያከብር ነጋዴ አይገዛውም። የፌዴራሉ የንፁህ አየር ሕግ የነቀለውንም ያስነቀለውንም ይከለክላል፣ ቅጣቱም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ሲጭበረበሩ የኖሩ ስደተኞች ሆነን፣ ፋይላችን ላይ በማያስፈልግ ነገር ክስ እናስፅፍ?

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። ኢፒኤ በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ገደማ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክ አፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው ተነቅሏል ብሎ ገምቷል። ከነሱ የሚወጣው ተጨማሪ መርዝ ዘጠኝ ሚሊዮን ሌሎች መኪኖች መንገድ ላይ እንደመጨመር ነው ተብሏል። ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? ናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ኦዞን ይሆናል፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ብናኝም ይሆናል። አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅስበታል።

የኔ ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄደው ኢንሄለር በቦርሳዋ ይዛ ነው። ጠዋት ባስ የምትጠብቀው የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ አጠገብ ነው። እዚያ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ባለ ናፍጣ ፒክ አፕ አለ፣ በክረምት ሃያ ደቂቃ ሞተር አስነስተው ያሞቃሉ። የአንደኛው ባለቤት ዲሊት ማስደረጉን በኩራት ነው የነገረኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ልጄንም «የኔ ቆንጆ» እያለ ያቆላምጣታል። በምትተነፍሰው አየር ውስጥ ምን እየጨመረባት እንደሆነ ግን አስቦት አያውቅም። የምንኖረው እኛ ነን አውራ ጎዳናው ዳር፣ ኪራዩ የሚቀንሰው እዚያ ነውና። ጭሱ ሀብታሞቹ ተራራ ላይ አይወጣም፣ እኛው ጋ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ተማሪዎቼ ስለምታነቡ።

ቴርሞስታት ታስታውሳላችሁ? ሀገር ቤት ሞተር ጋለ ሲባል የመጀመሪያ ሥራችን ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነበር። «ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ እኛ ጋ አያስፈልግም» እያልኩ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ብላክቦርዱ ላይ አልፃፍኩትም፣ ጋራዥ ውስጥ ግን በእጄ አሳይቻችኋለሁ። ስህተት ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ልኩን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። ሞተሩ የጋለው ራዲያተሩ ስለተደፈነ ነበር። እኛ በሽታውን ትተን ያልገባንን ዕቃ ነቀልን። መኪናዋ ለጊዜው ስትቀዘቅዝ ጎበዝ መካኒክ የሆንን መሰለን።

ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ልማድ ይዛችሁ ነው ባሕር የተሻገራችሁት። ዲሊት የቴርሞስታቱ ታናሽ ወንድም ነው። ያልገባንን ነገር «አያስፈልግም» ብሎ መጣል። ሙያ ማለት ነቅሎ መጣል ቢሆን ኖሮ መዶሻ ያለው ሁሉ መካኒክ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መሳደብ ብቻ እንዳይሆንብኝ፣ አሞላሉን ልፃፍ። ደብተር አውጡ!

1. ቀኑን እዩ። ዴፍ ጊዜው ያልፋል። እስከ 86 ፋራናይት ሙቀት ውስጥ አንድ ዓመት ይቆያል፣ 95 ከደረሰ ስድስት ወር ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ከዚያ በላይ ይቆያል። በበጋ ፒክ አፑ ጀርባ ላይ ለወራት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጄሪካን አትመኑ። ምልክቱንም እዩ፣ አይኤስኦ 22241 የሚል ወይም የኤፒአይ ማረጋገጫ ያለበት ይሁን።

2. ሰማያዊውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ። አቧራና ጨው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። የዘይት ፈነል በፍፁም አትጠቀሙ። ከጄሪካኑ ጋር የሚመጣ የራሱ ቱቦ አለ። ሌላ ዕቃ ካስፈለገ ንፁህ ፕላስቲክ ይሁን። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ አይነካው።

3. አፋፍ አትሙሉት። ሲጋገር ስለሚያብጥ ቦታ ይፈልጋል። ፓምፕ ላይ ከሆናችሁ ቀስ አድርጋችሁ ቅዱ፣ የትራክ ፓምፑ ኃይለኛ ነው። አንዴ «ቀጭ» ሲል በቃ፣ አትጨምሩ። የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ካልታጠበ ነጭ ጨው ሆኖ ይቀራል፣ ቀለምም ብረትም ይበላል።

4. ብዙ ፒክ አፕ ላይ የናፍጣውና የዴፉ አፍ አንድ በር ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ደክሟችሁ ሌሊት ስትቀዱ ተጠንቀቁ። ተሳስታችሁ ዴፍ ናፍጣው ውስጥ ከጨመራችሁ ሞተር አታስነሱ፣ ቁልፉንም አትክፈቱ። ቁልፍ ሲከፈት የነዳጅ ፓምፑ ይጀምራል። በዚያው ይቁም፣ ቶው ጥሩ። የቶው ዋጋ ከጠቅላላ የነዳጅ ሲስተም ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ናፍጣ ዴፉ ውስጥ ከገባም እንደዚያው ነው።

5. እስኪያልቅ አትጠብቁ። መኪናው ከብዙ መቶ ማይል በፊት ጀምሮ ይለምናችኋል። አጉል ቁማር አትጫወቱ። እኔ ግማሽ ሲሆን እሞላለሁ። አልቆባችሁ ከሆነ ደግሞ መፅሐፉ ላይ የተፃፈውን ያህል ጨምሩና ኮምፒውተሩ እስኪያነበው ታገሱ፣ ወዲያው ካልጠፋ ብላችሁ አትደናገጡ።

6. ሞተር እንዳጠፋችሁ ባትሪ አትንቀሉ። ሲስተሙ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ዴፍ ወደ ሳልባቲዮው መልሶ ይጠባል። ካልጨረሰ እዚያው ይጋገራል፣ ይደፈናል።

7. ደረሰኝ ያዙ። የገዛችሁበትን ሁሉ። ዋስትና ስትጠይቁ «ምን ጨምረህበት ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ ወረቀት ይሁን።

ጥራቱን የምትጠራጠሩ ከሆነ ሪፍራክቶሜትር የምትባል ትንሽ መለኪያ አለች። ሁለት ጠብታ ጠብ አድርጋችሁ በዓይን ማየት ነው። የዩሪያውን መጠን ትነግራችኋለች። ለዴፍ የተሠራችዋን ግዙ እንጂ የራዲያተሩን አይደለም። አምስት ሾፌር ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ማንም አይጎዳም።

በመጨረሻ ለሁለት ዓይነት ሰዎች ቃል አለኝ።

ዲሊት የምትሠሩ ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ እኔው ያስተማርኳችሁ ናችሁ። እጃችሁ ጎበዝ ነው፣ አውቃለሁ። ሦስት ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ማግኘት ቀላል ፈተና እንዳልሆነም አውቃለሁ፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ሀገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያው እጃችሁ ሴንሰር መመርመር፣ ሳልባቲዮ ማጠብ፣ መርጫ ማፅዳት ይችላል። በሐቀኝነት ሲስተሙን የሚጠግን አማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ቢገኝ የኛ ሾፌር ሁሉ ወረፋ ይይዝለታል። ነቃይ ብዙ ነው፣ ጠጋኝ ነው የጠፋው።

ምክር ሰጪዎች ደግሞ፣ አቦ፣ በማታውቁት ነገር በሰው ንብረት አትፍረዱ። «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ለሃያ ዓመት ያላልኩትን ዛሬ ብያለሁ፣ አልሞትኩም።

ልጁ ትናንት ከማደያ ፎቶ ላከልኝ። ሰማያዊውን ክዳን ከፍቶ፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ እየቀዳ። ሥር ላይ «ቲቸር፣ ቀጭ ሲል አቆምኩ» ብሎ ፅፏል። ደረሰኙንም ጨምሮበታል። እሱን አላለፍኩትም፣ አሥር ከአሥር ሰጥቼዋለሁ።

ባለ ናፍጣ መኪና ያለው ወንድም እህት ካላችሁ ይህን አድርሱለት። ያጋጠማችሁን ብልሽትም ኮመንት ላይ ፃፉልኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ያልቻልኩትን ደግሞ አልቻልኩም እላለሁ።